የአየርላንድ ፓርክ መታሰቢያ፦ የጋራ ማመልከቻችንን እንጨርሰው

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ኢትዮጵያውያን ከአየርላንዳውያን ጎረቤቶቻችን ጋር፣ ለረሃብ ስደተኞቻቸው መታሰቢያ በሆነው የቶሮንቶው አየርላንድ ፓርክ ስላሰብነው የመታሰቢያ ቀን የማመልከቻውን ረቂቅ ጀምሬያለሁ። አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ንግግር ይቀነስና ስም ይነበብ። እ.ኤ.አ. በ1847 ከረሃብ የሸሹ ከ38,000 በላይ አየርላንዳውያን ቶሮንቶ ገቡ። ከተማዋ ያኔ የነበራት ሕዝብ 20,000 ያህል ነው። አገራቸው ላይ ድንቹን በሽታ ፈጅቶባቸው፣ ኪራይ መክፈል ያቃተው ከመሬቱ እየተነቀለ፣ እህሉ ግን ያኔም ወደ እንግሊዝ እየተጫነ ነበር የወጡት። በጉዞው ታይፈስ ጨረሳቸው። እዚሁ ከተማ ከደረሱት መካከል ከ1,100 በላይ ሞቱ።

ፓርኩን ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ የሟቾቹ ስም የተቀረጸው ከአየርላንዱ ኪልኬኒ በመጣው ድንጋይ ላይ፣ በድንጋዮቹ መሀል ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነው። አንገት አስግጎ ካልፈለጉት አይታይም። ሰው ሐውልቶቹን ፎቶ ያነሳና ስሞቹን ሳያይ ይሄዳል። እኔ በጣም የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ከሴቶች ክፍል፦
እስማማለሁ፣ ግን አስታማሚዎቹም ይጠሩ። ዶክተር ጆርጅ ግራሴት ስደተኞቹን ሲያክም በበሽታው ተይዞ በዚያው ዓመት ሞተ። የቶሮንቶው የካቶሊክ ጳጳስ ማይክል ፓወርም ሕሙማኑን ሲጠይቅ ታሞ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2021 የተከፈተው ግራሴት ፓርክ እኮ ለግራሴትና ለሌሎቹ አስታማሚዎች ነው የተሠራው። ከዚያ ተነስተን ሐይቁ ዳር ወዳለው አየርላንድ ፓርክ በእግር ብንወርድስ? መንገዱ አያደክምም፤ ጋሪ የያዙ እናቶችም ይችሉታል።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
አስገብቼዋለሁ። አመሰግናለሁ እህቴ።

ከአባቶች አንዱ፦
ልጆቼ፣ የእኛስ የ77ቱ ረሃብ? ለእኛም ሟቾች አንድ ሰሌዳ እዚያው እንዲተከል ለምን አንጠይቅም? እኔ የቀበርኳቸውን አልረሳሁም።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ጋሼ፣ ነፍስ ይማር። ሐዘንዎ የሁላችንም ነው። ግን በእኔ በኩል ሰሌዳውን አልደግፍም። ቦታው የእነሱ ሟቾች ነው፣ እኛ የምንሄደው ልቅሶ ልንደርስ ነው። ልቅሶ ቤት ደግሞ መጀመሪያ የባለቤቱ ሐዘን ነው የሚወራው። ሌላው ቢቀር በ77 የአየርላንድ ሕዝብ ለእኛ ያዋጣውን እናስብ፤ ለረሃቡ ገንዘብ ያሰባሰበውን የሙዚቃ ዝግጅት፣ ላይቭ ኤይድን፣ ካስተባበሩት አንዱ ሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍም የዚያው አገር ሰው ነው። ይህን ምስጋና እርስዎ ራስዎ፣ በአማርኛ፣ በአጭሩ ቢናገሩልንና ከወጣቶቹ አንዱ ቢተረጉም እንዴት ነው? ለ77 ሟቾች የራሳቸውን መታሰቢያ ለብቻ እንነጋገርበት፣ እኔም አብሬ እሠራለሁ።

ከአባቶች አንዱ፦
እሺ ልጄ፣ እናገራለሁ። ሁለተኛው ነገር ግን እንዳይረሳ፣ በቃለ ጉባኤ ይግባ።

ከወጣቶች ክፍል፦
አስተርጓሚ ከእኛ። የአማርኛ በራሪ ወረቀትም እናዘጋጃለን፣ አንድ ገጽ። ስሞቹን ግን ማን ያነባል? አጠራራቸው ይከብዳል።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ከእነሱ አንድ ሰው፣ ከእኛ አንድ ሰው እየተፈራረቁ። አስቀድመን አብረን እንለማመዳለን፤ የሰው ስም እየተደነቃቀፍን እንድናነብ አልፈልግም። ሌላ ሐሳብ ያላችሁ እስከ እሁድ ጻፉ፣ ሰኞ ለአየርላንዳውያኑ እልካለሁ።