ወጣቶች ወደ ተፈጥሮ ክበባችን መጥተው እንዲቆዩ ምን እናድርግ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ የእግር ጉዞና የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ ጸሐፊ ነኝ። አብዛኞቻችን ጡረታ ወጥተናል። የጉዞ መንገድ እንጠርጋለን፣ መጤ አረም እንነቅላለን፣ ወፍ እንቆጥራለን። ወጣቶች አንዴ ብቅ ይሉና በዚያው ይጠፋሉ። ክበቡ ከእኛ ጋር እንዲያከትም አልፈልግም። ምን ብናደርግ ይሻላል?

የጉዞ አስተባባሪ፦
መጥተው ለቀሩት ደውሉና ጠይቋቸው። እኔ እንዳየሁት ብዙዎቹ የሚቀሩት በሰዓትና በወጪ ምክንያት ነው። የሥራ ቀን ጠዋት ለጡረተኛ ይመቻል፤ ተማሪና ሠራተኛ ግን ጊዜውን ከየት ያመጣዋል? ድንኳን፣ የጀርባ ሻንጣና ቢኖኩላር ክበቡ ገዝቶ ቢያውስ ትልቅ ነገር ነው። መነሻችሁም የሕዝብ ትራንስፖርት የሚደርስበት ይሁን።

የባዮሎጂ መምህርት፦
ተማሪዎቼ ያዩት ነገር ለሌላ ሰው እንደሚጠቅም ሲያውቁ ይነቃቃሉ። አይናቹራሊስት የሚባለውን መተግበሪያ ሞክሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የማስተርስ ፕሮጀክት ሆኖ የተጀመረ ነው። ያዩትን ተክል ወይም ነፍሳት ፎቶ ይጭናሉ፤ ሌሎች ተጠቃሚዎች ስሙን ያረጋግጣሉ። መረጃው ለተመራማሪዎችም ይደርሳል። ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች ያሉበትን ትክክለኛ ቦታም ይደብቃል።
አንድ አደራ አለኝ። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ካሉ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆንም ደንብ አውጡ።

አንጋፋ አባል፦
በስልኩ ነገር አልስማማም። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ናቸው። ጫካ ሲመጡ እንኳ ይረፉ እንጂ! ይልቅ ከአንድ ልምድ ካለው ሰው ጋር አጣምሯቸው። የወፍ ድምፅ መለየት ከሰው ሲማሩት አይረሳም።

የባዮሎጂ መምህርት፦
አባቴ፣ ሁለቱም ይቻላል። በጉዞው ላይ ፎቶ ብቻ ያንሱ፤ መጫኑን ማታ ቤታቸው ያድርጉት።

ወጣት አባል፦
እኔ ከወጣቶቹ ወገን ነኝና በግልጽ ልናገር። ሰዓቱም መተግበሪያውም ጥሩ ነው። የምንቀረው ግን ምንም ስለማንወስን ነው። ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ችግኝ ተሸከሙ እንባላለን። የቱ ችግኝ የት ይተከል ብሎ የሚጠይቀን የለም። የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ ጄን ጉዶል እ.ኤ.አ. በ1991 ታንዛኒያ ውስጥ ሩትስ ኤንድ ሹትስ የተባለውን የወጣቶች ፕሮግራም ከ12 ተማሪዎች ጋር ሲጀምሩ፣ ሥራውን እንዲመርጡ ያደረጉት ወጣቶቹን ራሳቸውን ነው። እናንተም አንድ ቦታ ስጡን። ትንሽ የወንዝ ዳርም ትሁን፣ ከነበጀቷ። ኮሚቴው ውስጥም ሁለት ወጣቶች አስገቡ። አንዱ ብቻውን ከሆነ በትልልቅ ሰዎች መሃል ለመናገር ያፍራል።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። ለወጣቶች የምንሰጠው ቦታ አለን፤ አረም የወረሰው የኩሬ ዳር ነው። ግን የሚረከበን ሰው ከየት እናግኝ?

ወጣት አባል፦
መጥተው ከቀሩት ሁለቱን ጥሩና ቦታውን አሳዩአቸው። ዕቅዱን እነሱ ይጻፉት። የቀረውን ሰው ከጓደኞቻቸው ያመጣሉ።