የራስን አቤቱታ የሰፈር ጥያቄ ማድረግ፦ ምን ይቀድማል?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። የቧንቧ ውሃ ቀለሙ ይለወጣል፣ የልጆች ቆዳ ሽፍ ይላል፣ ለውሃ አቅራቢው ሲነገረው ደግሞ «ችግሩ ከቤታችሁ መስመር ነው» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ የተጎዳ ሰው ብቻውን ከመመላለስ ወጥቶ ሰፈሩን አስተባብሮ ኃላፊዎቹን ተጠያቂ ለማድረግ ሥራውን ከየት ይጀምር? ሰልፍ፣ ጋዜጠኛ ወይስ ጠበቃ?

ደብተር ያዥ
ከሦስቱም በፊት ደብተር። ገጾቹ በቁጥር የተለዩ፣ ቅጠሉ ተገንጥሎ የማይወጣ ደብተር ይሁን። ቀን፣ ሰዓት፣ የታየው ነገር፣ ለማን እንደተነገረ፣ የተሰጠው መልስ ቃል በቃል ይጻፍበት። «ውሃው መርዝ ነው» ተብሎ አይጻፍም፤ ያ ድምዳሜ ነው፣ ክርክር ይከፍታል። «ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብርቱካናማ ውሃ ወረደ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ጠራ» የሚለውን ግን ማንም ሊያስተባብለው አይመቸውም።

አቤቱታው ከአንድ ገጽ አይለፍ፣ ጉዳዩም አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅና አንዱ ላይ መዝገብ ቤቱ ማህተምና የገቢ ቁጥር ያሳርፍበት፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልደረሰንም ለማለት ይመቻል። በስልክ የተሰጠ መልስ ካለ በዚያው ቀን «ዛሬ በስልክ እንዲህ ብላችሁኛል፤ ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ» ተብሎ በጽሑፍ ይላክ። በቃል ያለ ይረሳል የሚባለው እኮ እዚህ ጋ ነው የሚሠራው።

ናሙና
«ከቤታችሁ መስመር ነው» የሚለው መልስ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ፣ ሚሺጋን፣ የፍሊንት ከተማ በ2014 እ.ኤ.አ. የውሃ ምንጯን ወደ ፍሊንት ወንዝ ስትለውጥ የቧንቧን ዝገት የሚከላከለው ኬሚካል አልተጨመረም። በየካቲት 2015 የሊአን ዋልተርስ ቤት ውሃ ሲመረመር በሊትር 104 ማይክሮግራም የእርሳስ ብረት ተገኘበት፤ በወቅቱ ገደቡ 15 ነበር። ለእርሷም ጥፋቱ የቤቱ መስመር ነው ተባለ። የቤቱ ውስጥ ቧንቧ ግን ፕላስቲክ ነበር! ስለዚህ ናሙና ከመወሰዱ በፊት የቤቱ ቧንቧ ከምን እንደተሠራ ታይቶ ፎቶ ይነሳ፤ ያንን መልስ ገና ከጅምሩ ይዘጋዋል።

አወሳሰዱ፦ ውሃው ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይከፈት ይደር። ጠዋት ማንም ሳይነካው ከቀዝቃዛው መስመር የመጀመሪያው 1 ሊትር ይቀዳ። ከዚያ ውሃው ሲፈስ ቆይቶ በ45 ሰከንድና በ2 ደቂቃ ላይ ሌሎች ሁለት ናሙናዎች ይወሰዱ። የመጀመሪያው የቤቱን ቧንቧ ይናገራል፤ ኋለኞቹ ከውጭ የሚመጣውን። በቧንቧው አፍ ላይ ያለችው ወንፊት አትፈታ፤ እርሳሱ እርሷ ላይ ነው የሚጠራቀመው። ማታውኑ ቧንቧውን ለ5 ደቂቃ አፍስሱ የሚል መመሪያ ከመጣ ይጠርጠር፤ ውጤቱን ያሳንሳል። ጠርሙሱን ማን ለማን እንዳስረከበ፣ ቀንና ሰዓቱ በፊርማ ይያዝ።

ከሁሉም በላይ ማጠቃለያ ሳይሆን የእያንዳንዱ ናሙና ውጤት ይጠየቅ። በፍሊንት ከ71 ናሙናዎች ሁለቱ ከስሌቱ እንዲወጡ ሲደረግ የከተማዋ የእርሳስ አኃዝ ከገደቡ በታች ወረደ። ከወጡት አንዱ የዋልተርስ ቤት ነበር። ማጠቃለያውን ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን በምን ያውቃል?

ካርታ ሠሪ
የናሙናው ምክር ጥሩ ነው፣ ግን ከቤተ ሙከራ በፊት የሰፈሩ ካርታ ይቅደም ባይ ነኝ፤ የትኞቹ ቤቶች መመርመር እንዳለባቸው የሚናገረው እሱ ነው። በአሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ግዛት፣ የኬሚካል ቆሻሻ በተቀበረበት ቦታ ላይ በተሠራው የላቭ ካናል ሰፈር፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ነዋሪዋ ሎይስ ጊብስ ከጎረቤቶቿ ጋር በሽታውን ካርታ ላይ ብታሰፍረው ሕመሙ ድሮ ውሃ ይወርድባቸው የነበሩ የተደፈኑ ቦዮችን ተከትሎ ተገኘ። ባለሥልጣናቱ የቤት እመቤቶች መረጃ ብለው አጣጣሉት። በ1980 ግን ነዋሪው እንዲለቅ የፌዴራሉ መንግሥት ወሰነ።

ብዙዎች የሚስቱት የታመመበትን ቤት ብቻ ማንኳኳት ነው። ከ60 ቤት 14ቱ ማለትና 14 ቤት ማለት አንድ አይደለም፤ ጤነኛውም ይቆጠር። ጥያቄው ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ይሁን፤ «ውሃው አላሳከካችሁም?» ተብሎ አይጠየቅም፣ መልሱን ያጎርሳል። ካርታው ላይ ስም አይጻፍ፣ ለየቤቱ ኮድ ይሰጥ። የኮዱ መፍቻ አንድ ሰው ዘንድ፣ ከካርታው ተለይቶ ይቀመጥ።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ሰው ከተሰበሰበ በኋላስ የሚያፈርሰው ምንድን ነው?

ደብተር ያዥ
ገንዘብና ፊርማ። መዋጮው ሁለት ሰው ካልፈረመ አይውጣ፤ ሒሳቡ በየወሩ ለሁሉም ይነበብ። ካሣ ተቀበሉና ዝም በሉ የሚል ውል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በየቤቱ በተናጠል ነው የሚመጣው። ማንም ብቻውን እንዳይፈርም አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይወሰን።

ጥያቄው ላይ ደግሞ «ተጠያቂ ይሁኑ» ብቻ ከተባለ «እየተጣራ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። የትኛው ሥራ፣ በየትኛው ደንብ፣ በየትኛው የሥራ ኃላፊ፣ እስከ መቼ መሠራት እንደነበረበት ይጻፍ፤ ችግሩን መቼ እንዳወቁት የሚያሳየው ሰነድም ይጠየቅ። ጠበቃ ዘንድ ለክሱ ባይኬድ እንኳ የይርጋ ጊዜው (ክስ ማቅረብ የሚቻልበት ቀነ ገደብ) መቼ እንደሚያልቅ ለማወቅ በመጀመሪያው ሳምንት ይኬድ፤ ደብዳቤ ተጻጽፎ መልስ ሲጠበቅ ቀኑ የሚያልፍባቸው ብዙ ናቸው።