በሼክስፒር «ዘ ቴሚንግ ኦፍ ዘ ሽሩ» (ነገረኛዋን ሴት መግራት) የካተሪና የመጨረሻ ንግግር ከልብ ነው ወይስ ለውርርድ?

ጥያቄ፦
በ1590ዎቹ መጀመሪያ ገደማ እንደተጻፈ የሚገመተውን ይህን ኮሜዲ ሰሞኑን ደግሜ አነበብሁት። ምላሷ የሚፈራው ካተሪና፣ ባሏ ፔትሩቺዮ ምግብና እንቅልፍ ነሥቶ ካንገላታት በኋላ፣ በመጨረሻው ትዕይንት ሚስት ለባሏ ዜጋ ለገዢው እንደሚታዘዘው ልትታዘዝ ይገባል እያለች ከ40 መስመር በላይ ትናገራለች። ደራሲው ይህን የጻፈው አምኖበት ነው ወይስ እያላገጠ?

መልስ 1፦
ንግግሩን ነጥሎ መመርመር የሚያሳስት ይመስለኛል፤ በዙሪያው ያለውን ገንዘብ ይመልከቱ። ፔትሩቺዮ ታሪኩ ወደሚፈጸምባት የጣሊያን ከተማ ወደ ፓዱዋ የመጣው ሀብታም ሚስት ፍለጋ እንደሆነ አይደብቅም። ልጅቷን ገና በዓይኑ ሳያያት ከአባቷ ከባፕቲስታ ጋር አባትየው ለእሱ ስለሚሰጡት ጥሎሽ ይነጋገራል፦ በእጅ 20,000 ክራውን (የዘመኑ ገንዘብ)፣ አባትየው ሲሞቱ የመሬታቸው እኩሌታ፣ በምላሹም ፔትሩቺዮ ከሚስቱ ቀድሞ ቢሞት የእሱ መሬት ለእሷ እንዲሆን። ታናሿ ቢያንካማ በግልጽ ለጨረታ ቀርባለች፤ የበለጠ ሀብት ያስመዘገበ ይወስዳታል። በዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ተንቀሳቃሽ ንብረት የባሏ ይሆን ስለነበር፣ ተመልካቹ ይህን ድርድር ከራሱ ጎረቤት ያውቀዋል።

ንግግሩም የሚመጣው የማን ሚስት ስትጠራ ትመጣለች በሚል ውርርድ ነው። መጀመሪያ 20 ክራውን ሲባል ፔትሩቺዮ ይህን ያህልማ በጭልፊቴ ወይም በውሻዬ እወራረዳለሁ፣ በሚስቴ ግን ሃያ እጥፍ ነው ይላል፤ በ100 ይስማማሉ። ካተሪና ብቅ ስትል ባፕቲስታ ሌላ 20,000 ይጨምራሉ። ስለዚህ ከልቧ ትናገር አትናገር፣ አፏን ከመክፈቷ በፊት ሒሳቡ ተዘግቷል።

መልስ 2፦
ስለ ገንዘቡ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ያን ንግግር ታዳሚው የሰማው ከሴት አንደበት አልነበረም። እስከ 1660 ድረስ በለንደን የቴአትር መድረኮች የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ በጣሊያን ግን ሴቶች ከዚያ አስቀድሞ መድረክ ላይ ወጥተዋል። ሼክስፒርም ይህን አልረሳውም። በመክፈቻው ትዕይንት አንድ መኳንንት ስላይ በተባለ ሰካራም ሊያላግጥበት አሽከሩን ቀሚስ አልብሶ ታዛዥ ሚስቱ ነች ብሎ ያቀርብለታል፤ የካተሪና ታሪክ የሚታየውም ለዚሁ ሰካራም መዝናኛ ነው። የሚስት ታዛዥነት ከመጀመሪያው በትወና ቀርቧል ማለት ነው። ይህ ግን፣ ልብ በሉልኝ፣ የረኃቡን ትዕይንት አያቀልልኝም፤ እኔ እስካሁን ልስቅበት አልቻልሁም።

መልስ 3፦
የዘመኑ ሰዎች ራሳቸው ነገሩን ዝም ብለው አልተቀበሉትም። ጆን ፍሌቸር በ1611 ገደማ በጻፈው ተከታይ ተውኔት ካተሪና ሞታ ፔትሩቺዮ ማሪያ የምትባል ሴት ያገባል፤ እሷም በሠርጉ ሌሊት በሯን ቆልፋ፣ ሌሎች ሴቶችን አስከትላ፣ እስኪገራ ድረስ ታስጨንቀዋለች። በ1633 ሁለቱ ተውኔቶች በንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ቤተ መንግሥት በቀናት ልዩነት ቀረቡ። የቴአትር ተቆጣጣሪው በመዝገቡ ላይ የሼክስፒርን «ተወደደ» ሲል፣ የፍሌቸርን ግን «እጅግ ተወደደ» ብሎ ጽፏል።