አይፎኔ ላይ ኤአይ የለም፤ አውሮፓ ስለሆንኩ ነው? (ጥያቄና መልስ)

ማታ ፈረቃ (ጠያቂ)፣ ሜይ 2025

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጀርመን ነው። ከአንድ ወር በፊት ያገለገለ አይፎን 15 ፕሮ ገዛሁ። የገዛሁት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። አፕል ኢንተለጀንስ የሚባለው የኤአይ ረዳት ረጅም ጽሑፍ አሳጥሮ ያቀርባል ሲሉ ሰማሁ። እዚህ አገር ደብዳቤ አያልቅም። ከሥራ ደክሞኝ እገባና ባለ አራት ገጽ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዤ ከመዝገበ ቃላት ጋር ስታገል ይነጋል።

ስልኩ ላይ ግን ረዳቱ የለም። የሸጠልኝ ሰው «አውሮፓ ውስጥ ተከልክሏል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም» አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የአካውንትሽን አገር ወደ አሜሪካ ቀይሪው ትላለች። የልጆቼ ፎቶ በሙሉ እዚያ አካውንት ላይ ነው ያለው፤ ዝም ብዬ መነካካት ፈራሁ። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ቶሎ መልስ

ባልደረባሽ ልክ ናት። የአካውንቱን አገር አሜሪካ አድርጊው፣ ይመጣልሻል። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የማውቃቸው ሰዎች እንደዚያ አድርገው ሠርቶላቸዋል።

ጠጋኙ

እህቴ፣ አካውንትሽን አትንኪ። ያ ዘዴ ያኔ ይሠራ ነበር፣ እውነት ነው። አሁን ግን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2025 የወጣው አይኦኤስ 18.4 (የአይፎኑ ሲስተም አፕዴት) አፕል ኢንተለጀንስን ለአውሮፓ ኅብረት አይፎኖችና አይፓዶች ከፍቷል። ጀርመንኛም፣ ፈረንሳይኛም፣ ጣልያንኛም፣ ስፓኒሽም አብረው ገብተዋል። ሻጩ የነገረሽ ጊዜው ያለፈበት ወሬ ነው።

መጀመሪያ ስልኩ በእርግጥ «ፕሮ» መሆኑን አረጋግጪ። ሴቲንግ ውስጥ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት ብትይ የሞዴሉን ስም ያሳይሻል። ተራው አይፎን 15 ሜሞሪው 6 ጊጋ ስለሆነ ይህን አይችልም። 15 ፕሮ 8 ጊጋ አለው፣ ይችላል። ያገለገለ ስልክ ስትገዙ ይህችን አንዲት ቃል በዓይናችሁ ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ። ሳያዩ ገዝተው እያዘኑ የመጡ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

እዚያው አባውት ላይ የአይኦኤስ ቁጥሩ ስንት ይላል? ያንን ጻፊልኝ።

አንባቢ 7

የአገር መቀየሩን ነገር እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ኖቬምበር 2024 ላይ። ለመቀየር መጀመሪያ አካውንቱ ላይ ያለውን ቀሪ ገንዘብ መጨረስ፣ በየወሩ የሚከፈሉትን ማቋረጥ፣ ከቤተሰብ ግሩፑም መውጣት ነበረብኝ። ረዳቱ መጣልኝ። ነገር ግን የባንኬ አፕ በአሜሪካው አፕ ስቶር ውስጥ ስለሌለ አፕዴት ማድረግ አቃተኝ። ባለቤቴ ደግሞ በእኔ ስም ስንከፍለው የነበረው የፎቶ ማስቀመጫ ተቋረጠባት። ሁሉንም ወደ ቦታው ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የልጆችሽ ፎቶ ያለበትን አካውንት ለዚህ ብለሽ አትነካኪ።

ማታ ፈረቃ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አተረፋችሁኝ። ሞዴሉ 15 ፕሮ ይላል፣ ተመስገን። አይኦኤሱ ግን 18.3.1 ነው። አፕዴት ስለው ቦታ የለም ይለኛል።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ቆይ፣ ከልካዩ ማን ነበር? መንግሥት ነው ወይስ ኩባንያው?

የሕግ ተማሪ

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ሳያጠራ ነው የሚያልፈው። ስላነሳሽው ደስ ብሎኛል፣ ትንሽ ላስረዝም።

ማንም አልከለከለም። የአውሮፓ ኮሚሽን «አፕል ኢንተለጀንስ አይግባ» የሚል ትእዛዝ አላወጣም። ጁን 21 ቀን 2024 አፕል ራሱ ነው በዚያ ዓመት ለአውሮፓ ኅብረት እንደማይለቀው ያስታወቀው። ምክንያት ያደረገው የዲጂታል ገበያዎች ሕግን ነው።

ሕጉ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች ከመግዘፋቸው የተነሳ ሌላው ነጋዴ በእነሱ በር ሳያልፍ ደንበኛ ጋ መድረስ አይችልም። ስለዚህ «በር ጠባቂ» ተባሉ። ሴፕቴምበር 2023 ላይ ስድስት ተሰየሙ፦ አልፋቤት፣ አማዞን፣ አፕል፣ ባይትዳንስ፣ ሜታ እና ማይክሮሶፍት። ከማርች 7 ቀን 2024 ጀምሮ ግዴታው ጸናባቸው። አንዱ ግዴታ፣ ስልኩ ለራሱ አገልግሎት የሚጠቀምበትን አቅም ለተፎካካሪም እኩል ክፈት ይላል። የጣሰ ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢው እስከ 10 በመቶ ይቀጣል፣ ከደገመ እስከ 20።

አሁን ረዳቱን አስቢው። መልእክትሽን ያነባል፣ ቀጠሮሽን ያያል፣ ማሳወቂያዎችሽን ያሳጥራል። ሌላ ኩባንያ መጥቶ «የእኔም ረዳት እንደዚያ ይግባ» ቢል ምን ይደረጋል? አፕል ይህ የተጠቃሚውን ምስጢርና ደኅንነት አደጋ ላይ ይጥላል ብሎ ተከራከረ። ያኔ የኮሚሽኑ የውድድር ኃላፊ የነበሩት ማርግሬቴ ቬስታገር ደግሞ በተቃራኒው ነው የወሰዱት። ኩባንያው ፉክክርን እንደሚገታ በገዛ አፉ እንዳመነ አድርገው ተናገሩ።

ለእኔ ነገሩን ያጠራልኝ ማክ ኮምፒውተር ነው። ኦክቶበር 2024 ላይ ያው አፕል ኢንተለጀንስ አውሮፓ ውስጥ ማክ ላይ ሠርቷል፣ ቋንቋውን የአሜሪካ እንግሊዝኛ ላደረገ ሰው። አይፎን ላይ ግን ተዘጋ። በበር ጠባቂው ሕግ የተያዙት የአይፎኑና የአይፓዱ ሲስተሞች ናቸው፤ የማኩ አልተያዘም። ስለዚህ ጉዳዩ የኤአይ ክልከላ አልነበረም። ኤአይን የሚመለከተው የአውሮፓ ሕግ ሌላ ነው፣ ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው «ተከልክሏል» የሚለው ወሬ የሚወለደው።

ዳር ቆሜ

ሕጉ ለእኛ ወጣ ይባላል። ታዲያ አሜሪካ ያለው ሰው ኦክቶበር 28 ቀን 2024 ላይ ያገኘውን እኛ አምስት ወር የጠበቅነው ለምንድን ነው? ስልኩን የገዛነው በሙሉ ዋጋ ነው። የጠያቂዋን ደብዳቤዎች ተመልከቱ፣ አምስት ወር ሙሉ ስንት ደብዳቤ ይመጣል። አፕልም ባለፈው ወር 500 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ። እሱም ቢሆን ለእኛ ምን ፈየደ?

የሕግ ተማሪ

ቅጣቱ ከኤአይ ጋር አይገናኝም ወንድሜ። ኤፕሪል 23 ላይ የተቀጣው የአፕ ሠሪዎች ለደንበኞቻቸው «ከስቶሩ ውጪ በርካሽ ታገኛላችሁ» ብለው እንዳይነግሩ በመገደቡ ነው። ስለ መጠበቁ ግን አልከራከርህም። የጠበቀው ሕዝቡ ነው፣ ሁለቱም ወገን ይህን ሊያስብበት ይገባ ነበር። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ። ነገ የአማርኛ ረዳት የሚሠራ ሰው ቢነሳ በየትኛው በር ይገባል? አፕል ኢንተለጀንስ አማርኛ አይችልም፣ በድምፅ የሚታዘዘው የአይፎን ረዳት ሲሪም አይችልም። በሩ የአንድ ኩባንያ ብቻ ከሆነ ቋንቋችን የሚገባው ያ ኩባንያ ሲፈልግ ብቻ ነው።

አንባቢ 7

ዋትስአፕ ላይ የመጣችው ሰማያዊ ቀለበትስ? የዋትስአፕ ባለቤት የሜታም ኤአይ ረዳት ዘግይቶ ነው አውሮፓ የገባው።

የሕግ ተማሪ

ያኛው በሌላ ሕግ ነው፣ በግል መረጃ ጥበቃው። ጁን 2024 ላይ የአየርላንድ መረጃ ጠባቂ ኮሚሽን ሜታን ስለጠየቀ ቆመ፣ የገባው ማርች 2025 ነው። ይህን ግን ሁላችሁም አንብቡት፦ ሜታ ከሜይ 27 ቀን 2025 ጀምሮ በአውሮፓ ያሉ አዋቂዎች በይፋ የለጠፉትን ለኤአይ ማሠልጠኛ እጠቀማለሁ ብሏል። የማትፈልጉ የተቃውሞ ፎርም አለ፣ ከቀኑ በፊት ሙሉት። ሕጉ የሰጣችሁ መብት ነው።

ዳር ቆሜ

ይህን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ፣ ዛሬውኑ እሞላለሁ።

ጠጋኙ

ማታ ፈረቃ፣ ወዳንቺ ልመለስ። ቦታውን የያዘው ብዙ ጊዜ ከቴሌግራም ግሩፖች የሚወርድ ቪዲዮ ነው። ቴሌግራም ውስጥ ገብተሽ ካሹን (ስልኩ ላይ የተጠራቀመውን ጊዜያዊ ፋይል) አጥፊ፣ መልእክቶችሽ አይጠፉም። ረዳቱ ራሱ 7 ጊጋ ያህል ነፃ ቦታ ይፈልጋል፣ አፕዴቱ ደግሞ የራሱን። ከዚያ ዋይፋይ ላይና ቻርጅ ላይ አድርገሽው ተኚ። ሲያልቅ የስልኩ ቋንቋና የሲሪ ቋንቋ አንድ መሆን አለባቸው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ወንድሜ ከቻይና አይፎን 16 አምጥቶልኛል፣ 18.4 ላይ ነው፣ የእኔም አይሠራም።

ጠጋኙ

ከዋናው ቻይና የተገዛ ከሆነ አትድከም ወንድሜ። እዚያ የተሸጡ አይፎኖች ላይ አፕል ኢንተለጀንስ በአሁኑ ሰዓት አይሠራም፣ ስልኩን የትም ብትወስደው። እዚያ ኤአይን ለሕዝብ ማቅረብ የመንግሥት ምዝገባ ይጠይቃል፣ ሕጉ ከኦገስት 15 ቀን 2023 ጀምሮ ያለ ነው። ሳምሰንግም እዚያ ለሚሸጠው ኤስ24 ስልክ የቻይናውን ኩባንያ የባይዱን ኤአይ ነው ያስገባው።

ማታ ፈረቃ

ሠራልኝ! የቴሌግራሙ ካሽ ብቻውን 31 ጊጋ ይዞ ነበር። ስልኬ እንግሊዝኛ፣ ሲሪው ጀርመንኛ ሆኖ ነው የተሸጠልኝ። ሁለቱንም ጀርመንኛ አደረግኳቸው፣ ጠዋት ስነሳ ወርዶ ጨርሶ ነበር።

ደብዳቤውን ፎቶ አነሳሁት። ጽሑፉን ከፎቶው ላይ ቀድቼ ማስታወሻ ውስጥ ለጠፍኩና አሳጥር አልኩት። አራት ገጹ አምስት መስመር ሆነ። የልጄ የሕፃናት ማቆያ ክፍያ ነው፣ አንድ የጎደለ ወረቀት ይፈልጋሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን ልንለቅ ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ጠጋኙ

እሰይ! ቀኑንና የገንዘብ ቁጥሩን ግን ዋናው ወረቀት ላይ በዓይንሽ ተመልከቺ። ማሳጠሩ ይሳሳታል። ጃንዋሪ ላይ አፕል ራሱ የዜና ማሳወቂያ ማሳጠሩን ያቆመው የተሳሳተ ነገር ስላወጣ ነው።

ማታ ፈረቃ

አየሁት፣ ቀኑ ልክ ነው። ወረቀቱን ነገ ከሥራ ስወጣ አስገባለሁ።