ጄኔራል ፖለቲካ ሲገባ ለወታደሩ ነው ለራሱ?

የሽምብጥ ልጅ፦ እሺ ትናንት ጣና ዳር ቡና ላይ የጀመርነውን እዚህ እንጨርሰው። ጄኔራል የነበረ ሰው ፖለቲካ ሲገባ የድሮ ወታደሮችን ይጠቅማል ወይስ በስማቸው ነው የሚነግደው? እኔ ይጠቅማል ባይ ነኝ፣ ምሳሌዬም ካናዳዊው ሮሜዮ ዳሌር ነው። እ.ኤ.አ. 1994 ሩዋንዳ ላይ የተመድ ጦር አዛዥ የነበረው፣ ጭፍጨፋው ሳይጀመር ጥር ላይ መሣሪያ ተደብቋል ልፈትሽ ብሎ ኒውዮርክ ያሉትን የተመድ አለቆቹን ጠይቆ ተው የተባለው፣ ከዛ 10 የቤልጅየም ወታደሮች ተገድለው ቤልጅየም ጥላው ስትወጣ የፀጥታው ምክር ቤት ጭራሽ ጦሩ ወደ 270 ይቀነስ ያለበት ሰውዬ። አገሩ ገብቶ እንቅልፍ አጣ፣ ራሱን ለማጥፋት ሞከረ፣ 2000 ላይ በጤና ምክንያት ከጦሩ ወጣ፣ መናፈሻ ወንበር ስር ሰክሮ ተገኘ። ይሄን ሁሉ ራሱ ወጥቶ ተናገረው እኮ! እኛ ጋ አስር አለቃ እንኳን ጭንቅላቴን አሞኛል አይልም።

ባለባጃጁ፦ ጀግንነቱን አልካድኩም፣ ግን የካናዳ ፓርላማ ሴኔት ማን መርጦት ገባ? እዛ ሴኔት ሹመት ነው ወንድሜ፣ 2005 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ማርቲን ሾመው፣ አለቀ። የዛኑ ዓመት ደግሞ የቁስለኛውን የዕድሜ ልክ ወርሃዊ ክፍያ በአንድ ጊዜ ብር የሚተካ ሕግ ሲመጣ እሱም ደገፈው። አንዴ ጨብጠህ ሲያልቅስ? እዚህ ቢሆን ባጃጅ ትገዛበታለህ፣ ባጃጁ ይገለበጣል፣ ከዛ ባዶ እጅ።

የወታደር ልጅ፦ እኔ ልናገር እስቲ። አባቴ በኛ አቆጣጠር በ1983 ከተበተነው ሠራዊት ነው፣ ያ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆነው። አሁን ሐይቁ ዳር ሆቴል ዘበኛ ነው፣ የመሰናበቻ ወረቀቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ፍራሹ ስር አለ። ክረምት ላይ በራችን ጋ የባጃጅ ጎማ ፈነዳና በደረቱ ተኛ፣ ስኒውን እንደያዘ፣ ቡናው ሸሚዙ ላይ። ሰፈሩ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ልክፍት ነው ተብሎ ስንት ጊዜ ጠበል ወስደነዋል መሰላችሁ፣ ይሄ የጦርነት ቁስል ነው ያለን አንድም ሰው የለም። አባቴ ራሱ ቢለው ማን ይሰማዋል? ዳሌር ሲለው የተሰማው ማዕረጉ ነው፣ ስለዚህ ወንበሩን ማን ሰጠው የሚለው ለእኔ ብዙም አይደለም።

የሽምብጥ ልጅ፦ አየህ! ደሞ የካናዳ ቁስለኞች ወርሃዊ ክፍያ እ.ኤ.አ. 2019 ላይ እንደ ምርጫ ተመልሷል።

ባለባጃጁ፦ እሱማ 2014 ላይ ሴኔቱን ለቆ ወጥቷል እኮ፣ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው የጮኹት ራሳቸው ቁስለኞቹ ናቸው። ያንን ለሱ አትስጠው።

የወታደር ልጅ፦ እሺ ያ የነሱ ነው፣ ልክ ነህ። በሉ እናንተ ቀጥሉ፣ እኔ ለፋዘር እራት ላድርስ፣ ዛሬ የሌሊት ተረኛ ነው። ባለባጃጁ ቅርብ ከሆንክ ና ውሰደኝ፣ ጎማህን ግን አይተህ።