የፀጉር መርገፍ፦ መድኃኒት ልጀምር ወይስ ለንቅለ ተከላ ልሂድ?

የጅማው መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። በጅማ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር የ31 ዓመት ሰው ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ ወዲህ ፀጉሬ ከግንባሬ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ አናቴ ላይም እየሳሳ መጥቶ አሁን ፀሐይ ላይ ስቆም የራስ ቆዳዬ በግልጽ ይታያል። አባቴም የእናቴ ወንድሞችም በወጣትነታቸው ራሰ በራ ስለሆኑ ነገሩ በዘር የመጣ ነው ብዬ እገምታለሁ።

እስካሁን ጥቁር አዝሙድና የጉሎ ዘይት ተቀብቻለሁ፤ የቀይ ሽንኩርት ጭማቂም ሞክሬ ሽታው ተማሪዎቼን ስላሳቀ ትቼዋለሁ። በቴሌግራም የሚሸጥ፣ ምን እንደያዘ ያልተጻፈበት ጠርሙስም ገዝቼ ነበር፤ ራሴን ከማሳከክ በቀር ያመጣው ለውጥ የለም። አሁን ከባልደረቦቼ ጋር የምጥለው ዕቁብ ሊደርሰኝ ስለሆነ ወደ ኢስታንቡል ሄጄ የፀጉር ንቅለ ተከላ ለማድረግ እያሰብሁ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ አገናኝ በስልክ የላክሁለትን ፎቶ አይቶ «4,000 ግራፍት (የሚተከል የፀጉር ሥር) ይበቃሃል፤ ሆቴሉም መጓጓዣውም ዋጋው ውስጥ ነው» ብሎኛል፤ ቀብድ እንድልክም እየወተወተኝ ነው። ቤተሰቦቼ ደግሞ ገንዘቡ ለጀመርሁት ቤት ቆርቆሮ መግዣ ቢውል ይመርጣሉ።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው ሚኖክሲዲልና ፊናስቴራይድ የሚባሉት መድኃኒቶች በእርግጥ ይሠሩ እንደሆነ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እነሱን መሞከር ይገባኝ እንደሆነ፣ ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ካለም ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር እንዲያጫውተኝ ነው። ጉዳዩን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ፣ ፀጉሬን በማሽን ከተቆረጥሁ በኋላ ማጅራቴ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ይወጡብኛል፤ አንዳንዶቹም ጠጥረው ቀርተዋል።

የመድኃኒት ባለሙያ

መምህር፣ በቅድሚያ በሽታው ምን እንደሆነ በሐኪም ይታወቅ። ከግንባር ጎንና ከአናት የሚጀምር፣ በዘርም ያለ መርገፍ ብዙውን ጊዜ የወንዶች ራሰ በራነት እንደሚሆን አይካድም፤ ነገር ግን ቆረቆርም፣ ላሽም፣ የደም ማነስም፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ፀጉርን ያረግፋሉ፤ የእያንዳንዳቸው ሕክምናም ለየብቻ ነው።

በዘር የሚመጣው ዓይነት የሚነሣው ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን ወደ ዲኤችቲ ተለውጦ፣ በግንባርና በአናት ላይ ያሉትን የፀጉር ሥሮች ከዓመት ዓመት እያኮሰሰ ሲሄድ ነው። ፊናስቴራይድ ይህን ለውጥ የሚያካሂደውን ኢንዛይም ስለሚገታ መርገፉን ከሥሩ ያቀዘቅዛል። በ5 ሚሊ ግራም መጠን ለፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ የሚሰጥ መድኃኒት ሲሆን፣ በ1 ሚሊ ግራም መጠን ለፀጉር እንዲውል በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ሚኖክሲዲል ደግሞ መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ የሚወስዱት ሰዎች ባልታሰበ ቦታ ሁሉ ፀጉር ሲያበቅሉ በመታየቱ የሚቀባ ሆኖ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈቀደ። በ5 በመቶ የሚዘጋጀውን ፈሳሽ ወንዶች 1 ሚሊ ሊትር ያህል በቀን ሁለት ጊዜ በደረቅ የራስ ቆዳ ላይ ያደርጉታል። ፀጉሩ ላይ ሳይሆን ቆዳው ላይ እንዲያርፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ፀጉሩን ብቻ አርሶ ይሄዳልና።

በፋርማሲ መስኮት ዘወትር የማየው ችግር ትዕግሥት ማጣት ነው። ሚኖክሲዲል በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ የባሰ መስሎ ይታያል፤ ይህም አሮጌው ፀጉር ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ የሚሆን ነው። ሰው ግን ይደነግጥና ጠርሙሱን ይጥላል። ውጤቱን ለመመዘን ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ወር መቆየት ያስፈልጋል፤ ሲያቆሙት ደግሞ የበቀለው በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይረግፋል። ስለዚህ ወጪውን ሲያሰሉ ለአንድ ጠርሙስ ሳይሆን ለዓመታት ያስሉት። የልብ ሕመም ካለብዎ ወይም ልብዎ የሚመታብዎ ከሆነ ሳይመረመሩ አይጀምሩት።

ቆዳው ፍጹም ለስልሶ የፀጉር ሥር ባልቀረበት ቦታ ላይ ሁለቱም መድኃኒቶች ተአምር አይሠሩም። ያንን የቴሌግራም ጠርሙስ ግን ዛሬውኑ ይጣሉት፤ መለያ የሌለው ቅባት ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በዋለ ባደረ ቁጥር ቆዳን ያሳሳል።

አባ ቆዳ

እኔ በበኩሌ በ28 ዓመቴ ሙሉ በሙሉ ተላጭቼ ተገላገልሁ። በዝናብም በፀሐይም ኮፍያ አደርጋለሁ፤ ሚስትም አግብቻለሁ። የቤቱ ቆርቆሮ ይግዛ ባይ ነኝ፤ ምርጫው ግን የአንተ ነው።

ከኢስታንቡል የተመለሰ

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ። እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፤ ንቅለ ተከላውን ከጥቂት ዓመታት በፊት አድርጌ አልሐምዱሊላህ በውጤቱ አልተከፋሁም፤ ስለዚህ አትሂድ ብዬ አልመክርህም። ነገር ግን ከመሄድህ በፊት ብታውቀው የሚጠቅምህ ነገር አለ።

ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። ከራስ ቅል ኋላና ጎን ያለው ፀጉር ለዲኤችቲ ስለማይበገር፣ ሥሩ ከዚያ ተነቅሎ ወደ ፊት ቢተከልም የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ ይኖራል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1959 ጽፎ ያሳወቀው ኖርማን ኦሬንትራይክ የተባለ የኒው ዮርክ የቆዳ ሐኪም ነበር። ግራፍት የሚሉት ከአንድ እስከ አራት ፀጉር የያዘ አንድ ሥር ነው። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት ኤፍ ዩ ኢ በተባለው ዘዴ እያንዳንዱ ሥር ዲያሜትሩ ወደ 1 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ ክብ መሣሪያ አንድ በአንድ ይወጣል። በሌላው ዘዴ ከማጅራት በላይ ቀጭን የቆዳ ሰቅ ተቆርጦ ቦታው ይሰፋል፤ ፀጉሩን አሳጥሮ ለሚቆረጥ ሰው ጠባሳው መስመር ሆኖ ይታያል።

በዕለቱ ጠዋት ደም ሰጠሁ፤ ሐኪሙም በብዕር የግንባሬን መስመር ሣለ። እኔ የልጅነቴን መስመር እንዲመልስልኝ ለምኜው ነበር፤ እሱ ግን ከፍ አድርጎ ሣለው፤ አሁን ሳስበው ያተረፈኝ ያ ነው። የኋላው ፀጉር የዘር እህል ነውና በአንድ ጊዜ ተበልቶ ካለቀ ከየትም አይመጣም፤ ለአንድ ሰው በዕድሜ ዘመኑ ሁሉ በጥንቃቄ ሊወሰድለት የሚችለው ጥቂት ሺህ ግራፍት ብቻ ነው። ከዚያ ማደንዘዣው ተወጋ፤ ከሁሉም የሚያመው እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ድምፁን እንጂ ሕመሙን አትሰማም። በሆድህ ተኝተህ ሥሩ ይነቀላል፤ ምሳ በልተህ በጀርባህ ተኝተህ ይተከላል። ቀኑ በዚሁ ያልቃል።

ከእኔ ጋር አንድ ሆቴል ያረፈ ሌላ ኢትዮጵያዊ ግን በሌላ ክሊኒክ የገጠመውን ልንገርህ። ሐኪሙ መስመሩን ሥሎ ወጣ፤ የቀረውን ሁሉ የሠሩት ቴክኒሻኖች ነበሩ። ከሚገባው በላይ ስለነቀሉበት ማጅራቱ ዛሬ ብል የበላው ይመስላል፤ አቤት የሚልበትም ቦታ አላገኘም። ዓለም አቀፉ የፀጉር ተሃድሶ ቀዶ ሕክምና ማኅበርም ፈቃድ በሌላቸው ሠራተኞች የሚደረግ ቀዶ ሕክምና አደገኛ መሆኑን ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ አገናኙን «ሥሩ የሚተከልበትን ቀዳዳ የሚበሳው ማን ነው? ሥሩን የሚነቅለውስ? ስሙና የሙያ ፈቃዱ ይላክልኝ» ብለህ ጠይቀው፤ እሱ ከተቆጣ መልስህን አግኝተሃል።

ከሕክምናው በኋላ ለቀናት ራስህን ከፍ አድርገህ ትተኛለህ፤ የተተከለውን በመርጫ ታርሰዋለህ፤ ግንባርህና የዓይንህ ዙሪያ ሊያብጥ ይችላል። እኔ በነዚያ ቀናት ማጎንበስም ግንባሬን መሬት ማስነካትም ስለተከለከልሁ ሶላቴን ተቀምጬ ነበር የምሰግደው። ቅርፊቱ በ10 ቀን ገደማ ይራገፋል። ከዚያ የተተከለው ፀጉር ራሱ ይረግፋል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ሥሩ ውስጥ ቀርቶ ከ3 ወይም ከ4 ወር በኋላ ማብቀል ይጀምራል፤ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ደግሞ በዓመቱ ነው። በመካከሉ ያሉትን ወራት ሰው ሁሉ «ገንዘብህን በሉህ» እያለ ሲስቅብህ ነው የምታሳልፋቸው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ አገናኙ ዋጋውን በዩሮ ወይም በዶላር ነግሮህ ከሆነ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ሲመነዘር የት እንደሚደርስ አስብ። የቪዛውንና የአውሮፕላኑን ወጪ፣ ከተመለስህ በኋላ የምትገዛቸውንም መድኃኒቶች ጨምርበት። የሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ የኤች አይ ቪም ምርመራ እዚሁ አድርገህ ሂድ፤ ክሊኒኮቹ እዚያ መርምረው ሊመልሱህ ይችላሉና።

ነርስ ከጅማ

ሁላችሁም ያለፋችሁት ነገር የመምህሩ ማጅራት ነው። ከማሽን በኋላ ማጅራት ላይ እየወጣ የሚጠጥር እብጠት ጥቅጥቅ ያለ ጥምዝ ፀጉር ባላቸው ጥቁር ወንዶች ላይ በብዛት የሚታይ፣ የፀጉር ሥር ተቆጥቶ ጠባሳ እየፈጠረ የሚሄድበት ሕመም ነው። ለንቅለ ተከላ የሚፈለገው ፀጉር ደግሞ የሚነቀለው ከዚያው አካባቢ ነው። ሕመሙ ሳይታከም በላዩ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቀዳዳ ቢበሳበት የባሰ ጠባሳ ሊፈጠር ይችላል። በፎቶ ብቻ «4,000» ያለው አገናኝ ይህን ጨርሶ አላየም፤ ቢያይም የሚነግርዎ አይመስለኝም።

መምህር፣ ጆሮዎን ተበስተው፣ ተቆርጠው ወይም ቆስለው ቦታው ከቁስሉ አልፎ አብጦ ያውቃል? ወላጅ ወይም ወንድም እህት ላይስ ኬሎይድ የሚባለው እንዲህ ያለ እብጠት ታይቷል? ከሆነ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት። ሌላም አለ፤ የእኛ ዓይነት ጥምዝ ፀጉር ከቆዳው በታችም የተጠማዘዘ ስለሆነ፣ በዚህ ዓይነት ፀጉር ላይ ልምድ የሌለው ሰው ሲነቅለው ሥሩን አጋምሶ ይቆርጠዋል። የሠለጠነ ሐኪም መጀመሪያ ጥቂት ሥሮችን በሙከራ ነቅሎ ያያል። ክሊኒኩን የሐበሻ ወይም የሌላ አፍሪካዊ ታካሚ የአንድ ዓመት ውጤት እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ የአውሮፓዊ ሉጫ ፀጉር ፎቶ ለእርስዎ ምንም አይነግርዎም።

እስከዚያው ማጅራትዎን በዜሮ ማሽን ወይም በምላጭ አያስነኩ፤ ፀጉር አስተካካይዎ ጥቂት አስረዝሞ ይተውልዎ። እብጠቱንም አይነካኩት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የቆዳ ክፍል ቢታዩ ለእብጠቱም ለመርገፉም በአንድ ጊዜ መፍትሔ ያገኛሉ፤ የሚቀባ ወይም እብጠቱ ውስጥ የሚወጋ መድኃኒት አለው። ከዚያ በላይ ካስፈለገም አዲስ አበባ ወደሚገኘው አለርት ሆስፒታል ሊልኩዎ ይችላሉ።

የጅማው መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የማጅራቴ ነገር ከንቅለ ተከላው ጋር ይገናኛል ብዬ ፈጽሞ አላሰብሁም ነበር። ታላቅ እህቴ ጆሮዋን የተበሳችበት ቦታ ላይ እንደ ባቄላ ያበጠ ነገር አለባት፤ ይህንንም ለሐኪሙ እናገራለሁ። አገናኙን የሐኪሙን ስም ስጠይቀው «መጀመሪያ ቀብዱን ላክ» አለኝ፤ አልላክሁም። አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ፦ በሚቀጥለው ዓመት ለማግባት እያሰብሁ ስለሆነ ፊናስቴራይድ ልጅ ከመውለድ ጋር ይጋጭ ይሆን?

የመድኃኒት ባለሙያ

መልካም ጥያቄ ነው፤ በግልጽ እመልስልዎታለሁ። በጥቂት ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ የብልት መቆምን ያዳክማል፣ የዘር ፈሳሽንም ያሳንሳል፤ በአብዛኞቹ ሲቆም የሚመለስ ሲሆን፣ ካቆሙት በኋላም እንደቀጠለባቸው የተናገሩ ሰዎች አሉ። የወንዴ ዘር ሕዋስ (ስፐርም) ቁጥር የቀነሰባቸውም ስላሉ ልጅ በምትሞክሩበት ጊዜ ማቆም ይገባ እንደሆነ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2025 እ.ኤ.አ. ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳቶች አንዱ መሆኑን አረጋግጧል፤ ድብርት የነበረበት ወይም ስሜቱ የተለወጠበት ሰው ቶሎ አቁሞ ይታይ። ባለቤትዎ ካረገዙ ደግሞ የተሰበረ ወይም የተፈጨ ክኒን በእጃቸው እንዳይነኩ፤ የወንድ ፅንስን ብልት አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላልና።

በእርስዎ ቦታ ብሆን የማጅራቱን ሕክምና አስቀድሜ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ሚኖክሲዲሉን ብቻ ጀምሬ፣ በየወሩ መጀመሪያ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት፣ ፀጉሬ ደርቆ ሳለ የአናቴንና የግንባሬን ፎቶ አነሣ ነበር። ንቅለ ተከላውም ቢሆን መርገፉ ከተረጋጋ በኋላ ነው የሚሻለው፤ የተተከለው ቢቆይም በዙሪያው ያለው የራስዎ ፀጉር መርገፉን ስለሚቀጥል፣ ያለ መድኃኒት የሄደ ሰው ከዓመታት በኋላ ከግንባሩ በላይ የተተከለ ረድፍ፣ ከረድፉ ኋላ ባዶ ሜዳ ይዞ ይቀራል። ሚኖክሲዲሉን ሲገዙ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የምርቱን ስም፣ የባች ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ሣጥኑ ላይ አይተው ይውሰዱ።