የሚታኘክ ትምባሆ፦ ከግራ ወደ ቀኝ ባዞረው ከአፍ ካንሰር እተርፋለሁ?

ሰባት ዓመት
ሰላም ወገን። ትንሽ ያሳፍራል ግን ልጠይቅ። የሚታኘክ ትምባሆ ከጀመርኩ ሰባት ዓመት አለፈኝ። ሁሌ የማስቀምጠው በታች በኩል፣ በግራ ጉንጬና በድዴ መሃል ነው። ከወር በፊት ጥርሴን ስቦርሽ ምላሴ እዚያ ቦታ ላይ ሸካራ ነገር ነካ። በስልክ መብራት መስታወት ፊት ቆሜ ሳየው ነጣ ብሎ ተጨማዷል። ውሃ ውስጥ ብዙ የቆየ የጣት ቆዳ ነው የሚመስለው። በብሩሽ ብፈትገው አይለቅም። አያመኝም፣ አይደማም።

ከዚያ ወዲህ ወደ ቀኝ አዙሬዋለሁ። ምራቁን አልውጥም፣ ስተፋው ደግሞ ወዲያው በጨው ውሃ እጉመጠመጣለሁ። በዚህ አያያዝ ብቀጥል ካንሰሩን መከላከል እችላለሁ ወይ? ጭስ የለውም፣ ገና 29 ዓመቴ ነው። "ተው" ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ፣ እሱን እናቴም ትለኛለች።

የጥርስ ሰው
"ተው" ብቻ ብዬ አላልፍህም፣ ግን ከ"ተው" የሚያስመልጥ መልስም የለኝም። ሥራዬ ጥርስና አፍ ማየት ነው፣ ያንተን ዓይነት ጉንጭ ብዙ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ነጩ ነገር። ተፈትጎ የማይለቅና ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ነጭ ሽፋን ሉኮፕላኪያ ይባላል። ካንሰር ማለት አይደለም፣ አብዛኛውም ወደ ካንሰር አይሄድም። የተወሰነው ግን ይሄዳል፣ የትኛው እንደሚሄድ ደግሞ እኔም በዓይኔ አይቼ አልነግርህም፣ አንተም በስልክ መብራት አታገኘውም። ስለዚህ ሐኪም ያየዋል፣ ካጠራጠረው ቦታውን አደንዝዞ ትንሽ ቆንጥሮ ለላቦራቶሪ ይልካል። ባዮፕሲ የሚሉት እሱን ነው፣ ስሙ እንደሚያስፈራው አይደለም። ነጩ መሃል ላይ ቀይ ነገር ካለ ግን ውለህ አትደር። ቀዩ ከነጩ ይብሳል።

ወደ ቀኝ ማዞርህ ግራውን አሳርፎ ቀኙን ማስመታት ነው። የትምባሆው ቅጠል ሲደርቅና ሲብላላ ናይትሮሳሚን የሚባሉ ነገሮች ይፈጠሩበታል፣ ለካንሰር ዋናዎቹ ተጠያቂዎች እነሱ ናቸው። እሳትም ጭስም አይፈልጉም። ምራቅህ ውስጥ ይሟሟሉ፣ ምራቅ ደግሞ ግራና ቀኝ አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ጭስ አልባ ትምባሆን ያስቀመጠው ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው በመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ነው። የአፍ ብቻ ሳይሆን የምግብ ቧንቧና የቆሽት ካንሰርም አብረው ተጠቅሰዋል። ምራቁን አልውጥም ያልከውም ቢሆን፣ አፍህ ውስጥ እስካለ ድረስ ስጋህ እየጠጣው ነው።

ጨው ውሃው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ግማሽ ሰዓት ይዘኸው ከርመህ ስትጉመጠመጥ የሚገባው ገብቶ አልቋል። ጉዳት የለውም፣ ግን መከላከያ ብለህ አትቁጠረው።

ዕድሜህን በተመለከተ፣ አብዛኛው ታማሚ ከ40 በላይ መሆኑ እውነት ነው። ግን ሾን ማርሲ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ሯጭ ነበር፣ በ12 ዓመቱ አፍ ውስጥ የሚያዝ ትምባሆ ጀምሮ በምላስ ካንሰር ሲሞት 19 ዓመቱ ነበር፣ በ1984 እ.ኤ.አ.። ብርቅ ነው፣ አላስፈራራህም። ዕድሜ ዋስትና እንዳልሆነ እንድታውቅ ያህል ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ሰውየው ሲተው ነጩ ሽፋን ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ እየሳሳ ይጠፋል። ከተውክ በኋላም ቁጭ ካለ ያኔ ነገሩ ይጠናል።

ጠርጣራው
አቦ አታካብዱ። አጎቴ 40 ዓመት ሙሉ አኝኮ በእርጅና ነው የሞተው። ዛሬ ካንሰር የማያመጣ ነገር አለ እንዴ?

ዝም ብዬ አንባቢ
ጠርጣራው፣ አጎትህን ነፍስ ይማር። እኔ ደግሞ የባለቤቴን ልንገርህ።

ምላሱ ሥር ቁስል ወጣበት። "ጥርሴ ነው የቧጨረኝ" አለ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አምስት ወር። ስለማያመው ሐኪም ቤት መሄድ ቅንጦት መሰለው። ኋላ ጆሮውን ማመም ጀመረው፣ እኛም የጆሮ ጠብታ ስንገዛ ከረምን። ህመሙ ከምላሱ እየተነሳ ጆሮው ላይ የሚሰማው ነበር ለካ። ሲደረስበት የምላሱ ግማሽ ተቆረጠ፣ አንገቱም ተከፈተ፣ ከዚያ ጨረር። ዛሬ በሕይወት አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን "ር" እና "ል" ከአፉ አይወጡም፣ ስሜን ሲጠራኝ ግማሹ ይቀራል። ምራቁ ስለደረቀ የውሃ ኮዳው ከእጁ አይለይም። ስልክ ሲደወል ልጃችን ናት የምታነሳለት።

ሐኪሙ ያኔ የነገረንን ነው የምነግራችሁ። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ የአፍ ቁስል ቢያምም ባያምም ይታይ። እብጠት፣ የደነዘዘ ከንፈር ወይም ምላስ፣ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ለመዋጥ መቸገር፣ አንገት ላይ የማይጠፋ እብጠት ካለም እንደዚያው። ወንድሜ፣ አንተ ገና ነጩ ላይ ነህ። እኛ ያላገኘነው ጊዜ አንተ እጅ ላይ አለ።

ተውኩት ደግሞ ጀመርኩት
ስሜን አይታችሁ አትሳቁ፣ አሁን ከተውኩት አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። አምስተኛ ሙከራዬ ነው።

ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። ሐራራው አንድ ነገር ነው፣ የአፍህ ባዶነት ሌላ ነገር ነው። እኔ ምላሴ ያንን ቦታ ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ይውላል። ስኳር የሌለው ማስቲካ ረዳኝ። የትምባሆዋን ቀፎ ከኮቴ ኪስ፣ ከመኪናዬ፣ ከመሥሪያ ቤት መሳቢያዬ አውጥቼ የጣልኩት ደግሞ ከምንም በላይ ጠቀመኝ። አራቱን ጊዜ ያሸነፈኝ "ለክፉ ቀን" ብዬ ያስቀመጥኳት አንዷ ቀፎ ናት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይከብዳሉ። ትነጫነጫለህ፣ እንቅልፍ እምቢ ይልሃል፣ ሰው ላይ ትጮሃለህ። ሳምንት ካለፈ ይቀላል፣ ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ሐራራው ይመጣል ግን ቶሎ ይሄዳል። የኒኮቲን ማስቲካ አለ፣ ባለ 2 እና ባለ 4 ሚሊግራም፣ የቱ እንደሚስማማህ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቅ። እንደ ተራ ማስቲካ አታላምጠው፣ ጨጓራህን ይረብሽሃል። ጥቂት ታኝከውና መለብለብ ሲጀምር ጉንጭህ ሥር ታሳርፈዋለህ። ጉንጭ ሥር ማሳረፉን ደግሞ እኛን ማንም አያስተምረንም!

በተረፈ ከትምባሆው ሸሽተህ ሲጋራ ላይ እንዳትወድቅ፣ ሁለተኛው ሙከራዬ ያለቀው እንደዚያ ነው። መጠጥም ለጊዜው ራቅ።

የጥርስ ሰው
የመጠጡን ነገር ላጥብቀው። አልኮልና ትምባሆ አብረው ሲሆኑ አደጋው የሁለቱ ድምር አይደለም፣ ከድምሩ ይበልጣል። ሌላው፣ "ትምባሆ የለውም" ተብሎ በአሬካ ፍሬ፣ ማለትም በአንድ የዘንባባ ዓይነት ዛፍ ፍሬ፣ የሚሠራ የሚታኘክ ነገር አለ፣ ወደ እሱ እንዳትዞር። ፍሬው ብቻውንም ካንሰር ያመጣል፣ የጉንጭን ስጋ እያደረቀ አፍ በደንብ እንዳይከፈት ያደርጋል።

ሰባት ዓመት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ፣ የባለቤትሽን አንብቤ ትንሽ ዝም ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ጤናውን ይመልስለት። አንድ ጥያቄ ግን፣ የኒኮቲኑ ማስቲካ ራሱ ካንሰር አያመጣም?

የጥርስ ሰው
ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል፣ ካንሰሩን የሚያመጡት ግን በዋናነት ትምባሆው ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ነገሮች ናቸው። ማስቲካው ትምባሆ የለውም። ለተወሰነ ወራት እየቀነስክ ትወስደዋለህ፣ ከዚያ ታቆማለህ። የልብ ችግር ካለብህ ብቻ ቀድመህ ለሐኪሙ ንገረው። ከተውክ በኋላም በወር አንዴ መስታወት ፊት ቁም። ከንፈርህን ገልብጥ፣ ጉንጭህን ሳብ አድርገህ ግራና ቀኙን እይ፣ ምላስህን ጎትተህ ጎንና ጎኑን፣ ከዚያ አንስተህ ሥሩን። ሰው የሚረሳው የምላስን ሥር ነው።

ሰባት ዓመት
ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ይዣለሁ። ቀፎዋን ግን ገና አልጣልኳትም፣ ልዋሽ አልፈልግም።

ተውኩት ደግሞ ጀመርኩት
አሁን ጣላት። እኛ እንጠብቃለን።

የጥርስ ሰው
እስከ ሐሙስ ደግሞ ነጩን በብሩሽ መፈተጉን ተው። ሐኪሙ እንዳለ ይየው።